ተነሺና ተነሳሽ

አባት ልጁን «አንቱ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። ልጁም እኔው ነበርኩ። አባቴ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ በገዛ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆመው «ጌታው፣ ልመና ይዘን መጥተናል፤ ይስሙን» አሉኝ። ስወለድ ስም ያወጡልኝ፣ ሳጠፋ በልምጭ የገረፉኝ ሰው ናቸው እንግዲህ። ክው ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ነገር አያስደነግጠኝም፤ ድንጋጤዬን እዚያው በር ላይ ጨርሻለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ከጫፉ ብቻ ከሰማችሁት ጥፋቱ የእኔ ብቻ ይመስላችኋል። የእኔስ የእኔ ነው፤ ግን ብቻዬን አይደለሁም። አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ የበር ጥበቃና አንድ አውራ ዶሮ አሉበት።

ኑሮዬ ደሴ ነው፤ እንጀራዬ ኮምቦልቻ። በመሀሉ ሐረጎ የሚባል እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ አለ። ጠዋት ከደሴ ስንነሳ ሚኒባስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ካፖርትና ጋቢ ደርቦ ተኮማትሯል። ሐረጎን ስንጨርስ ማውለቅ ይጀመራል፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ የማይተዋወቅ ሰው ሁሉ እርስ በርስ «ቆይ እጅጌህን ልያዝልህ» እየተባባለ ሲተጋገዝ ታያላችሁ። ማታ ደግሞ እየለበስን እንወጣለን። እኔ እንዲህ ሳወልቅና ስለብስ ነው የጎለመስኩት።

የምሠራው አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ክፍሌ «የሰው ኃይል» ይባላል። ስሙን የሰማ ጉልበተኛ ያስመስለኛል እንጂ ሥራዬ ማን ቀረ፣ ማን አረፈደ፣ ማን ከማን ጋር ተኮራረፈ የሚለውን መከታተል ነው። እኔ ራሴ አርፍጄ አላውቅም ነበር። ኩራት እንዳይመስላችሁ፤ ምስጋናው የጋሽ ሐሰን አውራ ዶሮ ነው። ጋሽ ሐሰን አከራዬ ናቸው፤ የምንኖረው በአንድ ግቢ ነው። ዶሮአቸው ቀይ ነው፣ አንገቱ የተላጨ፣ ሲጮኽ ሰው የተጣላ የሚመስል። እሱ አንዴ ከጮኸ ተመልሶ መተኛት የሚባል ነገር የለም፤ ሕሊና ያለው ሰው አይተኛም።

መከራዬ የጀመረው ለሥልጠና የተላክኩ ዕለት ነው። ሥልጠናው ደሴ አንድ ሆቴል ውስጥ ነበር፤ ርእሱም «ሰውን ለግቡ የሚያነሳሳው ምንድን ነው?» የሚል። እኔን ለሥልጠና የሚያነሳሳኝ የሻይ ሰዓቱ ሳምቡሳ መሆኑን አልደብቃችሁም። ፍልሰታ ስለነበረ የምስር መሆኑን አስቀድሜ አጣርቼ ነው የገባሁት።

አሠልጣኙ ከረባት ያሰረ ወጣት ነው። ገና ሳንደላደል «ጠዋት ጠዋት ከአልጋችሁ የሚያስነሳችሁ ምንድን ነው?» ብሎ በየተራ ይጠይቀን ጀመር። አንዱ «ራእዬ» አለ። አንዷ የልጆቿ የነገ ተስፋ እንደሚያስነሳት ተናገረች። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ለወገኑ ያለው ፍቅር አላስተኛ እንዳለው ሲናገር ሰማሁና እውነት መስሎኝ አዘንኩለት። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። እኔ ጥያቄ ከተጠየቅኩ መልሱን መስጠት ብቻ ነው የማውቀው።

«የጋሽ ሐሰን አውራ ዶሮ» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አሠልጣኙ ግን አልሳቀም። ሰሌዳው ላይ «ዶሮ» ብሎ ጻፈና ዙሪያውን አከበበው። ከዚያ የሰው ተነሳሽነት ሁለት ዓይነት መሆኑን አስረዳን፤ ውስጣዊና ውጫዊ። ውስጣዊው ከሰውየው ከራሱ ልብ የሚፈልቅ ነው። ውጫዊው ከውጭ ሆኖ የሚጎተጉተው ነው። ይህን ብሎ ሲያበቃ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ «ለመሆኑ ዶሮው የሞተ ዕለት እኚህ ሰው ምን ይሆናሉ?» ሲል ጠየቀ። ሟርተኛ። ያኔ ግን እኔም ከሰዎቹ ጋር ስቄ ነበር።

የመሳቂያነት ቁጭት ክፉ ነው። ወደ ኮምቦልቻ የተመለስኩት የሰውን ሁሉ ውስጣዊ ተነሳሽነት በርብሬ ለማውጣት ቆርጬ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። በእሳቸው እምነት ሰውን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ደመወዝ ነው፣ ሌላው ደመወዝ እንዳይቀር መፍራት። እኔ ግን አሁን የሠለጠንኩ ሰው ነኝ። የለም፣ ሰው ሁሉ በውስጡ አንድ የሚያስነሳው ነገር አለው፣ ዋናው እሱን ማግኘት ነው ብዬ ተከራከርኳቸው። ለካ እሳቸውም ይህን የሚመስል ነገር ሲፈልጉ ኖረዋል። አዲስ ሼድ ተሠርቶ አልቋል፤ ማሽኑ የተሻለ ነው፣ ክፍያውም የተሻለ ነው፣ የሚገቡበት ቀልጣፋ ሰፊዎች ግን መመረጥ አለባቸው። «እንግዲያው ተነሳሾቹን ለይተህ አምጣልኝ» አሉኝ።

ሙቀቴ ሳይበርድ ማስታወቂያ ጻፍኩ። ቃል በቃል እነሆ፦ «ለሠራተኞች በሙሉ። ተነሳሽ የሆኑ ሠራተኞች በዚህ ሳምንት ተለይተው ወደ ሌላ ቦታ ስለሚዛወሩ ሁላችሁም በየሥራ ገበታችሁ ላይ እንድትገኙ እናሳስባለን።» ማኅተም አሳረፍኩበትና ዋናው በር ላይ ለጠፍኩት። ራቅ ብዬ አየሁት፣ ቀረብ ብዬ አየሁት፤ አምሮኛል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለአፍ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ለማኅተምም ይሠራል።

አሁን አባባ ይመርን ላስተዋውቃችሁ። የበር ጥበቃችን ናቸው። ፋብሪካው ከመተከሉ በፊት ቦታው የእሳቸው ማሳ ነበር። መጋዘኑ ያለበት ጤፍ ይዘሩበት ነበር፣ የስፌት አዳራሹ ያለበት ማሽላ። የእኔ ቢሮ ያለበት ቦታ ግን ድሮም ምንም አያበቅልም ነበር ይላሉ። ማስታወቂያ ሲለጠፍ ጮክ ብለው ማንበብ ይወዳሉ። ፈረቃ ሲለወጥ ሠራተኛው በሩጫ ስለሚያልፍ እኛ ፋብሪካ ብዙው ሰው ማስታወቂያ የሚያነበው በጆሮው ነው፣ ከአባባ ይመር አፍ።

አባባ ይመር ደግሞ «ተነሳሽ» የሚባል ቃል አያውቁም። የሚያውቁት «ተነሺ» ነው። መሬቱ ለልማት ሲፈለግ «የልማት ተነሺ» ተብለው ከማሳቸው የተነሱ ሰው ናቸው፤ ያኔም የመጣው እንዲህ ያለ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነበር። ስለዚህ ዓይናቸው «ተነሳሽ» ሲያይ አፋቸው «ተነሺ የሆኑ ሠራተኞች ተለይተው ወደ ሌላ ቦታ» ብሎ አነበበ። ለጠየቃቸውም ፍቺውን ጨመሩበት። ሌላ ቦታ የሚባለውን እኔ አውቀዋለሁ አሉ፤ ከማሳዬ ስነሳም ሌላ ቦታ ነበር የተባልኩት፣ ይኸው ሌላ ቦታዬ ይቺ ወንበር ናት። ሠራተኛው ይህን ሰምቶ ገባ። ወረቀቱን በዓይኑ ያየው ጥቂት ሰው ደግሞ ተነሳሽ የሚሉት ትጉሁን መሆኑን አወራ፤ ሁለቱ ሲገጣጠም ትጉህ የተባለ ሁሉ ከሥራ ሊነሳ ነው ማለት ሆነ።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ስፌት አዳራሹ ብቅ ስል ግን እግሬ በር ላይ ተተከለ። ዘወትር ጆሮ የሚያደነቁር ቤት ጸጥ ብሏል። ሰው አልቀረም፤ ሁሉም በየማሽኑ ላይ ተቀምጧል፤ ግን የሚሠራው ቀብር ላይ እንዳለ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው።

ከሁሉ ያስደነገጠችኝ ዘይነባ ናት። ዘይነባ የሐርቡ ልጅ ናት። ፋብሪካው ውስጥ እሷን በፍጥነት የሚደርስባት ሰው ካለ ከጎኗ የምትቀመጠው ደብሪቱ ብቻ ናት። ዓይኗ የደከመ እናቷን ከሐርቡ አምጥታ ኮምቦልቻ በኪራይ ቤት የምታኖረው እሷ ናት፤ ይህ ሥራ ከቀረባት እናትና ልጅ መግቢያ የላቸውም። ያቺ ዘይነባ ያን ቀን አንዲት ኮሌታ ይዛ ክር ትሰካለች፣ መልሳ ታወጣለች፣ ጫፉን በምራቋ ታረጥባለች፣ ትሰካለች፣ መልሳ ታወጣለች። ደብሪቱ አጠገቧ ሆና በጎን ታያታለች። ዘይነባ አንዴ ስታዛጋ ደብሪቱ ሁለቴ ታዛጋለች። ዘይነባ ክሩን ስታወጣ ደብሪቱ ማሽኑን አጥፍታ ዘይት ትፈልጋለች። ለካስ ሁለቱ በፍጥነት ብቻ ሳይሆን በመዘግየትም ይሽቀዳደማሉ።

የሠለጠነ ሰው ደግሞ ያየውን አያምንም፤ የተማረውን ነው የሚያምን። እኔም «ውስጣዊ ተነሳሽነታቸው ሞቷል» ብዬ ደመደምኩና ሠራተኛውን ሰብስቤ ላነቃቃው ተነሳሁ። ስለ ግብ፣ ስለ ራእይ፣ ሰው ከልቡ ሲነሳ ተራራ እንደሚንድ ሰበክሁ። ከዚያ «እስቲ ከመካከላችሁ ተነሳሽ ነኝ የሚል እጁን ያውጣ» አልኩ። ሁሉም እጁን ጠረጴዛ ሥር ደበቀ። ነጠላ ያላት ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። ከኋላ አንዲት ሴት ተነስታ እያለቀሰች ወላሂ እኔ ተነሳሽ አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም፣ የሚያውቁኝ ይመስክሩ አለች። ሰዉም መሰከረላት። «ታዲያ ማን ነው ተነሳሽ?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጣቱን ወደ መስመር አለቃው ቀሰረ። አለቃው ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። እሱም ሰነፍ መሆኑን ይምል ጀመር፤ ማስረጃም አቀረበ።

ዘይነባን ለብቻዋ ቢሮ አስጠራኋት። በዚያ ሁሉ ፍጥነት ስትሠራ የኖረችው ለምን እንደሆነ፣ ልቧ ውስጥ ያለው ግብ ምን እንደሆነ በጨዋ አንደበት ጠየቅኳት። ፈጥናም እንደማታውቅ፣ ጎበዝ የሚሏት ጠላቶቿ እንደሆኑ ነገረችኝ። ስትወጣ በሩን እንኳ የከፈተችው ቀስ ብላ ነው።

በር ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። አባባ ይመር ከወንበራቸው አልነሳ ብለዋል። የሥራ አስኪያጁ መኪና ጥሩንባ ሲነፋ ተቀምጠው በዱላቸው ጫፍ መቀርቀሪያውን እየገፉ ይከፍታሉ። ጉልበታቸውን አሟቸው መስሎኝ ቅባት አመጣሁላቸው። ተቀበሉኝ፤ ግን አልተነሱም። ለካ አንዴ ከማሳ የተነሳ ሰው ሁለተኛ ከወንበር ላለመነሳት መሐላ ገብተው ኖሯል።

ዓርብ ዕለት ሥራ አስኪያጁ የሳምንቱን ምርት አዩና ጠሩኝ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ይኸው ውስጣዊ ተነሳሽነትህ አሉ። ከዚያ በኋላ በራሳቸው መንገድ እንደሚሄዱ ነገሩኝ፤ ከሁሉም የዘገዩት ሁለቱ ሰኞ ይሰናበታሉ፣ ሌላው ያኔ ይነቃል። ሁለቱ ደግሞ ዘይነባና ደብሪቱ ናቸው። በመዘግየት ሲሽቀዳደሙ ፋብሪካውን በሙሉ ጥለውት ሄደዋል። ደነገጥኩ። እነዚህ እኮ ምርጦቻችን ናቸው፣ አንድ ምክንያት ሳይኖር አይቀርም አልኩ። «እንግዲያው ምክንያቱን ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ይዘህልኝ ና» አሉ። «ሥራ ከተጀመረ በኋላ አልሰማህም።» የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። ዘይነባ ከሥራ እንዳትነሳ ዘገየች፤ በመዘግየቷ ልትነሳ ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ተቀምጬ ምክንያቱን እያሰላሰልኩ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ተሰልፈው ቆመዋል። አንደኛው ሸህ እንድሪስ ናቸው፣ የዘይነባ አጎት፣ ከሐርቡ የመጡ። ሁለተኛው አባባ ይመር፤ ሳምንቱን ሙሉ ከወንበራቸው የተነሱት ለዚህ ብቻ ነው። ሦስተኛው ከቦሩ ሜዳ የመጡት የገዛ አባቴ ቄሱ ናቸው። «የዚያ ጨካኝ ሹም አባት ቄስ ናቸው» የሚል ወሬ ሰምተው ቦሩ ሜዳ ድረስ ሄደው ያመጧቸው እነሸህ እንድሪስ ናቸው። ወሎ ውስጥ ሸህና ቄስ አብረው ከመጡብህ እምቢ ማለት አይቻልም፤ ቄሱ አባትህ ከሆኑማ መተንፈስም አይቻል።

«ጌታው፣ ልመና ይዘን መጥተናል፤ ይስሙን» አሉ አባቴ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ እኮ» አልኩ።

«እናውቃለን» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

ከአባት አፍ አንቱ መባል ከእርግማን ቢከፋ እንጂ አይሻልም። ወንበር አወጣሁ፤ ለልመና የመጣ ሽማግሌ ሳይፈጸምለት አይቀመጥምና ሦስቱም ቆመው ቀሩ። ሸህ እንድሪስ ቀስ ብለው ጀመሩ። ልጃችን ተነሺ መባሏን ሰማን፣ የእናቷን ዓይን አይተው ይተዉልን፣ ያቺን ደብሪቱንም እንዲሁ፣ እሷም ልጃችን ናት አሉ።

«ተነሺ? ተነሳሽ ለማለት ነው?» አልኩ ግራ ገብቶኝ። «ተነሳሽ መሆንማ ጥሩ ነገር ነው።»

አባቴ መስቀላቸውን ቀሰሩብኝ።

«ሰው ከእንጀራው ላይ መነሳቱ ጥሩ ነው አልክ? አንተ ልጅ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩህ?»

«አንተ» ሲሉኝ ነፍሴ መለስ አለች። ቁጣውን ከምንም አልቆጠርኩትም። ያኔ አባባ ይመር ማስታወቂያውን ከራሳቸው አፍ በቃላቸው አወረዱት፤ ተነሺ የሆኑ፣ ተለይተው፣ ወደ ሌላ ቦታ። ገና ሰምቼ ሳልጨርስ የሳምንቱ ነገር ሁሉ ፊቴ ላይ ተደረደረ፤ የተደበቁት እጆች፣ የዘይነባ ክር፣ የአባባ ይመር ዱላ፣ ያመጣሁላቸው ቅባት። በድንጋጤ መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። እነሱ ቆመው እኔ መሬት ላይ ሆኜ ተነሳሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ። ተነሳሽ ማለት ሥራ ለመሥራት ከውስጡ የሚነሳ ሰው ነው አልኩ።

«ተነስቶ የት ይሄዳል?» አሉ ሸህ እንድሪስ።

«የትም አይሄድም። እዚያው ተቀምጦ ነው የሚነሳው።»

ሸህ እንድሪስ ወደ አባቴ ዞረው አዩ። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። ልጅ አስተምሮ እንዲህ ያለ መልስ መስማት ከባድ ነው መቼም። የሆነ ሆኖ እየደጋገምኩ ተነሳሽ ሙገሳ እንደሆነ፣ ዘይነባም ደብሪቱም እንደ ልማዳቸው ቢሠሩ ወደ ተሻለ ቦታ እንደሚገቡ ለማስረዳት ሞከርኩ። ግን ሰኞ ሥራ ሳይጀመር ለሥራ አስኪያጁ ይህንን ካልነገርኩ ነገሩ አበቃ። «ነገ ከሁሉም ቀድሜ እደርሳለሁ» ብዬ በአባቴ መስቀል ማልኩ። ሦስቱም ያን ጊዜ ተቀመጡ። ሸህ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው «አብሽር ልጄ፣ ጀሊሉ ከቃልህ ያድርስህ» ብለው ዱዓ አደረጉልኝ፤ አባቴም አብረው አሜን አሉ፤ አባባ ይመር ወንበሩን ግጥም አድርገው ይዘው አሚን አሉ።

ይህን ሁሉ ጋሽ ሐሰን ከበረንዳቸው ሰምተዋል። ከሐርቡ ድረስ የዘለቀ እንግዳ በባዶ ሆድ ከግቢያቸው አይወጣም። ለአባቴና ለእኔ ጾም ስለሆነ ሽሮ ታዘዘ። ለሸህ እንድሪስና ለአባባ ይመር ደግሞ ጋሽ ሐሰን ቢላ ይዘው ወደ ጓሮ ሄዱ። አንድ ነገር ሲንፈራገጥ የሰማሁ መሰለኝ። ሐሳቤ ሰኞ ላይ ስለነበር አልጠየቅኩም።

ሰኞ የነቃሁት እንቅልፌን ጠግቤ ነው። መጀመሪያ የገረመኝ ይህ ነው፤ በሥራ ቀን እንቅልፍ ጠግቤ አላውቅም። ደጅ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል፣ የጋሽ ሐሰን ባለቤት ልብስ አጥበው እያሰጡ ነው። «ዛሬ ዕረፍት ነው እንዴ?» አሉኝ። ብርድ ልብሴን እንደተከናነብኩ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ከቆጡ ሥር ቀይ ላባ ተበትኗል። ያ ከረባት ያሰረ ልጅ ትዝ አለኝ። ውጫዊ ተነሳሽነቴ ለሸህ እንድሪስ ውስጣዊ ሆኖላቸዋል። ዶሮ ባይጮኽም መንጋቱ አይቀርም ይላሉ፤ መንጋቱማ ነጋ፣ ያልነቃሁት እኔ ነኝ። ስልክ የለህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለኝ። ዶሮ ያለው ሰው ግን ማንቂያ አይሞላም።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ አይነሳም። በዚያ ሳምንት ምንም ነገር አልነሳም ብሎ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ሐረጎ በጉም ተሸፍኗል፤ ፊታችን አንድ የጭነት መኪና መታጠፊያው ላይ ተገትሮ መንገዱን ዘግቶታል። ሾፌራችን ሞተሩን አጥፍቶ ጋቢውን ተከናነበ። እኔ ደግሞ ከወዲሁ ኮቴን አውልቄ ቁጭ ብያለሁ፤ ኮት ያወለቀ ሰው ቶሎ የሚደርስ እየመሰለኝ። ዘይነባን አሰብኳት፣ ዓይነ ስውር ለመሆን የተቃረበች እናቷን እጇን ይዛ ከኪራይ ቤት ስትወጣ። በመስቀል የማልኩትን አሰብኩ። ልቅሶ ቃጣኝ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መርዶ የሰማሁ መስሏቸው አጽናኑኝ።

ኮምቦልቻ ስደርስ ሥራ ከተጀመረ ቆይቷል። አባባ ይመር በሩ ላይ ቆመዋል። አዎ፣ ቆመዋል። ገና ሲያዩኝ በሩን በረገዱት።

«ዘይነባ ወጣች» አሉኝ።

ሰማይ ተደፋብኝ። በአባባ ይመር ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ፊቴን በኮቴ ሸፈንኩ። ይቅርታ አልኳቸው፣ ዶሮ ነው አልኳቸው፣ አርደው በሉት እኮ አልኳቸው። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ያዩኛል።

«ምን ሆነሃል ልጄ? ወጣች እኮ ነው ያልኩህ።»

«ሰማሁ እኮ አባባ። የት ወጣች? ወዴት ሄደች?»

«የት ትሄዳለች? አንደኛ ነዋ የወጣችው።»

ኮቴን ከፊቴ ላይ አነሳሁ። ለካስ ሸህ እንድሪስ እሁዱን ኮምቦልቻ ወርደው ለዘይነባ ተነሳሽ ሙገሳ መሆኑን ነግረዋታል፤ እሷም ለደብሪቱ። ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ማሽናቸው ላይ ሲቀመጡ የሳምንቱ ቁጭት ተጠራቅሞ ነበርና ያ ቤት እንደዚያ ቀን ጮኾ አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ እኔን ሲጠብቁ ሲጠብቁ አጥተው፣ አርፍዶ የማያውቅ ሰው ምን ነካው ብለው ሊፈልጉኝ አዳራሹ ድረስ ወረዱ። ያዩት ነገር በር ላይ አስቀራቸው። ዘይነባን ጠርተው ባለፈው ሳምንት ምን ሆነሽ ነበር ሲሏት ተነሺ እንዳልባል ነዋ ብላ ቁጭ አደረገችው። ቀጥሎ የሆነውን አባባ ይመር አልነገሩኝም፤ «ግባና ራስህ ስማ» ብቻ አሉኝ።

ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ በዘይነባ ማሽን አጠገብ ቆመው ይለምኗታል። አዲሱ ሼድ እንድትገባ፣ የመስመር አለቃም እንድትሆን። እሷ እምቢ ብላለች። ክፍያው ተነገራት፤ እምቢ አለች። ሰውየው ደመወዝ እምቢ የሚል ሰው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር መሰለኝ፤ ዓይናቸው ፈጧል።

«ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አሏት።

«ደብሪቱ እዚህ ቀርታ እኔ እዚያ ብሄድ ማንን ልቅደም ጋሼ?»

ደብሪቱ ቀና ሳትል «መች ቀድማኝ ታውቅና» አለች፤ ማሽኗንም አላቆመችም። ዘይነባ ይህን ስትሰማ ሥራ አስኪያጁን እዚያው ገትራ ወደ ኮሌታዋ ተመለሰች፣ በዚህ ወሬ መሀል ደብሪቱ እየሰፋች እየቀደመቻት መሆኑ ገብቷታል። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ሁለቱም ወደ አዲሱ ሼድ አብረው ገቡ፤ ጎን ለጎን። እኔ ላይ ደግሞ አንድ ሕግ ወጣብኝ። ከእንግዲህ ማንኛውም ማስታወቂያ አባባ ይመር አንብበው ምን እንደገባቸው ሳይናገሩ ማኅተም አይመታበትም። እሳቸውም ሥራውን ወደውታል፤ ባለፈው «የመዝናኛ ክበብ» የምትል አንዲት ቃል ላይ ግማሽ ቀን አቆይተውኛል።

ስመለስ ደሴ ሰኞ ገበያ ገብቼ አንድ አውራ ዶሮ ገዛሁ፤ የሟቹን ካሣ። ብብቴ ውስጥ ይዤው ግቢ ስደርስ ጋሽ ሐሰን በረንዳቸው ላይ አኩርፈው ተቀምጠዋል። ዶሮአቸው ያሳዘናቸው መሰለኝ። የለም፣ የንጋቱ የሱብሂ ሶላት አምልጧቸው ነው። በዕድሜያቸው እንዲህ አርፍደው እንደማያውቁ ነገሩኝ። እኔም አዘንኩ። ይህኛው ዶሮ ከነገ ጀምሮ ሁለታችንንም ይቀሰቅሰናል ብዬ አጽናናኋቸው።

«እሱማ ብቻውን አይጮኽም» አሉ። «ያኛውም የሚጮኸው እኔ ተነስቼ የበረንዳዬን መብራት ሳበራ ነበር።»

«እርስዎስ በምን ነበር የሚነሱት?»

«ባንተ በር ነዋ። ያ የብረት በርህ ሲጢጥ ሲል ነው እኔ የምነቃ።»

ዶሮው ብብቴ ውስጥ ጸጥ ብሏል። እኔ በሬን የምከፍተው ዶሮው ሲጮኽ እንደነበር ነገርኳቸው። ጋሽ ሐሰን የተስቢሃቸውን ዶቃ መቁጠር አቁመው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ስንት ዓመት አንድ ግቢ ስንኖር ከሦስታችን መጀመሪያ የሚነሳው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አውቃለሁ ሊል የሚችል አንድ ነበር፤ እሱን ደግሞ ሸህ እንድሪስ በልተውታል።